አራተኛው ጣሳ

ከባለቤቴ ከይሁኔ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የጉንዳኖቹን ውኃ መቀየር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ቁርስ በልተን ገና እጃችንን መታጠባችን ነው።

ጉንዳኖቹ የሚኖሩት ከጓዳው አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍል፣ በትልቅ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ በአራት የእንጨት እግሮች ይቆማል፤ እያንዳንዱ እግር ደግሞ ውኃ በሞላው የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ተነክሯል። እነዚህ ጉንዳኖች ውኃ አይሻገሩም፤ ከሣጥኑ ያመለጠ ቢኖር እንኳ ጣሳው ላይ ሲደርስ ይመለሳል። ውኃው ግን አቧራና ቅጠል ከሰበሰበ ድልድይ ይሆናል። ስለዚህ በየሳምንቱ ይቀየራል። ይሁኔ የሣጥኑን እግር በሁለት እጁ ብድግ ያደርገዋል፤ እኔ ተንበርክኬ አሮጌውን ጣሳ እስባለሁ፣ አዲሱን እገፋለሁ፤ እሱ ያስቀምጣል። አራት ጊዜ እንዲህ።

ሦስተኛውን ካስቀመጠ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመና ቀኝ እጁን ኮቱ ውስጥ አስገብቶ ግራ ደረቱን ያዘ፤ በዓይኔ ጠርዝ አየሁት።

«ዛሬም ይዘሃታል?» አልሁት፣ ዓይኔን ከጣሳው ሳላነሣ።

«ይበርዳል» አለኝ።

ትንሽ ቆየና፣ «አራተኛውን ነገ እንቀይረዋለን። አንቺም ገበያው ይረፍድብሻል» አለ።

ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ዘንቢሌን ይዤ ወጣሁ።

ያ ጥያቄዬ ምን ማለት እንደ ነበር ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ከሁለት መስመር አላልፍም።

ይሁኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አስተምሯል፤ ከባጃጅ ነጂው እስከ ሐኪሙ፣ ያስተማራቸው ሁሉ በየመንገዱ «ቲቸር!» እያሉ ያስቆሙት ነበር። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት መጻሕፍት አውሳሽ ነበርሁ። ረጅም ነው፤ ትከሻው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ። ሲስቅ ድምፁ አይሰማም፣ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል። ነገር ሲበላሽ «ማነው ያበላሸው?» አይልም። «መንገድ የሰጠው ማነው?» ነው የሚለው። ጣሪያው ሲያፈስ ዝናቡን አይራገምም፤ ቆርቆሮው የቱ ጋ እንደ ተበሳ ይፈልጋል። የጎረቤት ፍየል ጎመናችንን ስትጨርሰው እኔ ድንጋይ አነሣሁ፤ እሱ አጥሩን ሊያይ ሄደ። ተማሪ ሲወድቅበትም ደብተሩን አስመጥቶ የቱ ገጽ ላይ መንገድ እንደ ሳተ አብሮት ይፈልግ ነበር ይላሉ።

እኔ ደግሞ ጉንዳን እፈራለሁ። እንደ ቀልድ የሚወራ ፍርሃት አይደለም። ያደግሁት ከቁይ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ልጅ ሳለሁ በአንድ ክረምት፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ገብረ ጉንዳን ቤታችንን ወረረው። ወለሉ ጥቁር ሆኖ ሲሄድ አይቻለሁ። እናቴ እኔንና ታናሼን በሁለት ክንዷ አንጠልጥላ ወጣች፤ አባቴ አመድ እየበተነ ጥጆቹን ፈታ። ጥግ ላይ እንቁላል ታቅፋ የነበረችውን ዶሮ ግን ማንም አላስታወሳትም። በማግሥቱ ስንመለስ ዶሮዋ እንደ ታቀፈች ናት። ደስ ብሎኝ ሮጥሁ። እናቴ ቀድማ ስትነካት ላባው ተበተነ፤ ከሥሩ ከአጥንት በቀር ምንም አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ያስፈራኛል።

ይሁኔ ይህን ያውቅ ነበር። ቢሆንም ከተጋባንበት ጊዜ አንሥቶ አንድ ነገር ሳያወራ አይከርምም፤ በጎልማሳነቱ ምዕራብ ቆላ ሲያስተምር በማንጎ ዛፍ ላይ ስላያቸው፣ ቅጠል ከቅጠል እየሰፉ ቤት ስለሚሠሩ ጉንዳኖች። ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ እዚያ የማንጎ እርሻ ያለው አንድ የድሮ ተማሪው ጋበዘውና ሄደ። ሲመለስ መናኸሪያ ልቀበለው ወጣሁ። ከአውቶቡሱ ሲወርድ እጁን ኮቱ ውስጥ ከቶ ግራ ደረቱን ይዟል። ደም ግፊት እንዳለበት አውቃለሁ፤ ሮጬ ክንዱን ያዝሁት።

«ምን ሆንህ? ልብህን ነው?»

«ቀስ በይ! እንዳትገፊኝ» አለኝ፣ ትከሻው እየተነቃነቀ። «ንግሥት ይዣለሁ።»

ከሸሚዙ ሥር ያወጣው እንደ መኻል ጣት የምትረዝም የላብራቶሪ ቱቦ ነበረች፤ አፏ በጥጥ ተወትፏል። ውስጧ አንዲት አረንጓዴ የመሰለች፣ ሆዷ የተነፋ ጉንዳን አለች። ደጋው እንዳይገድላት ሁለት ቀን ሙሉ በገላው ሙቀት ነው ያመጣት። ሉማሜ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ለሻይ ሲወርድ እሱ ብርዱን ፈርቶ ከወንበሩ አልተነቃነቀም። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት አዝናለት፣ «አባባ፣ ደረትዎን ያምዎታል?» ብትለው፣ «አይ እናትዬ፣ ነፍሰ ጡር ይዤ ነው» ይላታል። ሴትዮዋ ወንበር ቀየረች።

ሣጥኑን ራሱ ሠራው። የሎሚ ችግኝ በባልዲ ተክሎ አስገባበት፤ ላዩ ላይ ቀን ከሌት የሚበራ አምፖል ሰቀለ። ያቺ አንዲት ንግሥት በዓመት ውስጥ ስንት መቶ እንደ ሆነች አልቆጠርሁም፤ መቁጠር ያለብኝን ያህል አልቀረብሁም። ይሁኔ ማር በውኃ በጥብጦ ብርዝ ያጠጣቸዋል፤ ከጓሮ ፌንጣ እየያዘ ይሰጣቸዋል። ሠራተኞቹ በሎሚው ላይ ስንት ቤት ሰፉ፤ ንግሥቲቱ ግን ከቱቦዋ አልወጣችም። ቱቦዋን ከነንግሥቷ ሣጥኑ ውስጥ አጋደመላት። «እንዳንቺ ናት፤ ቤት መቀየር አትወድም» ይለኝ ነበር።

መብራት ሲጠፋ፣ እንደምታውቁት ይጠፋል፣ ሙቅ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለሠራተኞቹ ያስገባላቸዋል። ንግሥቲቱን ግን ለጠርሙስ አያምናትም። የቱቦዋን አፍ በጥጥ ወትፎ ከሸሚዙ ሥር፣ በግራ በኩል ያደርጋታል፤ በላይዋ እጁን ጭኖ ይቀመጣል። እንዲህ ሆኖ ጋዜጣ ያነባል፣ እንግዳ ያነጋግራል፣ ዕድር ስብሰባ ይሄዳል። እጁን ደረቱ ላይ ሳየው «ይዘሃታል?» እለዋለሁ፤ «ይዣታለሁ» ይለኛል። ለዓመታት እንዲህ ነበር የምንነጋገረው።

መጀመሪያ ሰሞን እዚያ ክፍል አልገባም ብዬ ነበር። ይሁኔ አልተቆጣም፣ አልለመነኝምም። አንድ ቀን ብቻ፣ «ክዳኑንና ጣሳዎቹን አንቺ ብትቆጣጠሪልኝ» አለኝ።

«እኔ? የምፈራዋ?»

«የፈራ ሰው ክዳን አይረሳም። ላብራቶሪ ውስጥ ዕቃ ይሰብርብኝ የነበረው ምኑንም የማይፈራው ልጅ ነው።»

እንዲህ አድርጎ ፍርሃቴን ሥራ ሰጠው። ጠዋትና ማታ ክዳኑ መገጠሙን አያለሁ፤ ጣሳዎቹን አያለሁ። አንድ ክረምት ግን ሣጥኑን ለማጽዳት ከፍቶት ሳለ የሎሚው ጫፍ ወደ መኝታ ክፍላችን የሚያስገባውን መጋረጃ ነካና፣ እኔ እንቅልፍ ካሸለበኝበት አልጋ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ቀይ መስመር ሲወርድ ነቅቼ አየሁ። አልጋው ላይ ቆሜ ጮኽሁ። አመድ! በረኪና! ያልሁትን አላውቅም። እሱ ሮጦ መጣና አንዲትም አልገደለም። ከግድግዳው እስከ ሣጥኑ ሲባጎ ወጠረላቸው፣ ሲባጎው ላይ ብርዝ ቀባ፤ እየተሰለፉ ተመለሱ። ሰዓታት ፈጀ። እኔ ያን ያህል ጊዜ ከአልጋው አልወረድሁም።

«መንገድ የሰጠናቸው እኛ ነን» አለኝ ሲጨርስ። «አንቺ ግን ቀድመሽ አየሽ።»

ቤታችን ውስጥ ያለው ነገር ሲታወቅ ሌላ ፍርሃት መጣ። ጎረቤታችን እትዬ አስካል አንድ ቀን አጥር ላይ ጠራችኝ።

«የሺ፣ አትቀየሚኝ፤ ሰው ይናገራል።»

«ምን ይላል?»

«መምህር ጋኔን ይስባል ይላል። ክፍል ዘግቶ ያበላቸዋል ይላል።»

«ጉንዳን ነው እኮ እትዬ አስካል።»

«ጉንዳንማ እኛም ቤት ሞልቷል። ማን አምፖል አብርቶለት ያውቃል?»

ያን ሰሞን የዕድር ሴቶች ከእኔ ጋር ሲገናኙ ሰላምታቸው አጠረ። አንዳችን ብንሞት ለቅሶ የሚደርስልን እናጣለን ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጡ፤ ወሬው እሳቸውም ዘንድ ደርሷል። ይሁኔ በር ላይ ተቀብሎ መስቀል ተሳለመና፣ «አባ፣ ቤቱን እንደ ወደዱ ይርጩ፤ እነሱን ግን አደራ፣ ይበርዳቸዋል» አላቸው። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

አባ ከሣጥኑ ፊት ቆሙ። ጉንዳኖቹ ያን ቀን አዲስ ቤት እየሠሩ ነበር። አንዱ የሌላውን ወገብ ይዞ፣ ሰንሰለት ሆነው፣ ሁለት የሎሚ ቅጠሎችን ያቀራርባሉ። ጫፉና ጫፉ ሲገናኝ ሌሎቹ ነጭ ትል የመሰሉ ልጆቻቸውን በአፋቸው ይዘው መጡ። ልጆቹ ከአፋቸው ድር ያወጣሉ፤ እናንተ ብትሆኑ መርፌና ክር ነው የምትሉት። እኔም እንዲያ ቀርቤ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«አለቃቸው የቱ ነው?» አሉ አባ።

«አለቃ የላቸውም።»

«ንግሥት አለች አላልህም?»

«አለች፤ ግን አታዝም። ትወልዳለች እንጂ።»

አባ ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ። «እኛ ለደብሩ አጥር ኮሚቴ ካቋቋምን ሦስት ዓመት አለፈን» አሉ ቀስ ብለው። ደግሞ ዘወር ብለው፣ «ምግባቸው ምንድን ነው?» ሲሉት፣ ማርና ፌንጣ መሆኑን ነገራቸው። «ማርና ፌንጣ! እንግዲያ በረሃ ቢወርዱ ባሕታውያን ናቸው» ብለው ሳቁ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሴቶቹ ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፤ እትዬ አስካል ግን በጣሳ ሙሉ ፌንጣ ይዛ መጣች።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። እስካሁን የዘገየሁት እሷን ላለመጻፍ ነው።

ከገበያ ስመለስ ይሁኔ ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ሥር፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። እጁ ኮቱ ውስጥ ነው። «ዛሬ ደህና ሎሚ የለም፤ ሁሉም ደርቋል» አልሁት እያለፍሁ። ጓዳ ገብቼ ዘንቢሉን አራገፍሁ። ሽንኩርቱን ለየሁ። ከዚያ ዝምታው ተሰማኝ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት፤ እንዳለ ነው። ያቺ ዶሮ ትዝ አለችኝ። እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። ስነካው ቀዝቅዟል።

ታላቅ ወንድሙ አያ አለኸኝ ከቁይ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሊገንዙት ሲገቡ ተከትዬ ልገባ ሴቶቹ ያዙኝ፤ በበሩ ጠራሁት።

«አያ! ደረቱን እዩልኝ። የመስታወት ቱቦ አለች። ከሸሚዙ ሥር ናት።»

«የለችም፣ የሺ» አለ አያ አለኸኝ።

«በግራ በኩል! ደህና አድርጋችሁ እዩ!»

«እህቴ፣ ምንም የለም።»

«አእምሮዋን ነካት» አለ አንድ ሰው። አልነካኝም። ቱቦዋ እዚያ ብትገኝ፣ ሲሞት ያቺን እያሞቀ ነበር ማለት ነው፤ ሲያመው አልነበረም ማለት ነው። ከሴቶቹ እጅ አምልጬ ወደ ክፍሏ ሮጥሁ። ቱቦዋ ሣጥኑ ውስጥ፣ ቦታዋ ላይ ተጋድማለች። አምፖሉ በርቷል።

መብራቱ ጠዋትም አልጠፋም ነበር። መብራት ካለ ደግሞ ይሁኔ ንግሥቲቱን አይዝም። ሦስተኛውን ጣሳ ስገፋ ቀና ብዬ ባይ ኖሮ አምፖሉ ከራሴ በላይ ነው። እኔ ግን ጉንዳን እጄ ላይ እንዳይወጣ ስፈራ ዓይኔን ከጣሳው አላነሣሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ፈርቼ ፈርቼ፣ የሚያስፈራው ሲመጣ ሳልፈራ ቀረሁ። «መንገድ የሰጠው ማነው?» የሚለው ድምፁ ጆሮዬ ላይ ነው። እሱ እንዲህ የሚለው ለወቀሳ አልነበረም። እኔ ግን ሌላ መልስ የለኝም።

ከዚያ በኋላ ያን ክፍል ማየት አልቻልሁም። እሑድ ቀበርነው። ሰኞ፣ በሣልስቱ ጠዋት፣ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ የኤሌክትሪክ ገመድ ተጠቅልሎ፣ በሥርዓት ታስሮ ተቀምጦ አየሁ። የሣጥኑ አምፖል መብራት የሚያገኘው በዚያ ገመድ ነው። በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ አያ አለኸኝ ቅዳሜ ማታ፣ በለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን እንዳይከፈት ብሎ ነቅሎታል። ነውር ነውና ማንም እንዳይነካው ጠቅልሎ አስሮታል። አንዱ ጫፍ ወደ ጓዳ ለምን እንደሚሄድ አላወቀም፤ ማንም አልነገረውም።

ሁለት ሌሊት ነው። ሁለት የደብረ ማርቆስ ሌሊት።

ክፍሏ እንደ ጉድጓድ ቀዝቅዛለች። ጉንዳኖቹ ሣጥኑ ወለል ላይ እንደ ተበተነ ሻይ ቅጠል ረግፈዋል። ገመዱን ሰካሁት፤ መብራት የለም፤ ያን ጠዋት ከተማው ሁሉ ጠፍቶበታል። ሣጥኑ ፊት ቆምሁ። ቱቦዋ ከሎሚው ሥር ትታየኛለች። ንግሥቲቱ ከሞተች ሁሉም ያልቃሉ፤ ይሁኔ አሥር ጊዜ ነግሮኛል። እሱ እጁን የጫነበት፣ የቀረ ሕይወት ያለው ነገር ይህ ብቻ ነው። ክዳኑን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፤ ክዳኑን ከፍቼ አላውቅም።

ከፈትሁት። እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። ቅጠሎቹ ላይ የነበሩት ነፍስ ነበራቸው፤ ቀስ እያሉ አንጓዬን ያዙ፣ ነከሱኝ። የበሰበሰ ሎሚ የመሰለ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። እየጮኽሁ እንደ ነበር ያወቅሁት ጉሮሮዬ ሲደርቅ ነው፤ የለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም ጩኸቴን አልተጠራጠረም። ቱቦዋን አወጣሁ፤ አፏን በጥጥ ወተፍሁ፤ ከቀሚሴ ሥር፣ በግራ በኩል አደረግኋት። እንደ በረዶ ቀዘቀዘችኝ። ሁለት እጄን ጫንሁባት።

ወዲያው የቁይ ለቀስተኛ በአይሱዙ ደረሰ። ሴቶቹ ከበር ጀምሮ እየጮኹ ገቡ። አልቃሿ የይሁኔን ስም እያነሣች ስታንጎራጉር ሁሉም ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። አባ ደረት መምታት ይቅር ብለው ስንት ጊዜ ገሥጸዋል፤ በእንዲህ ያለ ቀን ግን ማን ይሰማል። ባል የሞተባት ሴት ደግሞ ከሁሉ በላይ ትመታለች። እኔ መኻል ላይ፣ ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ ቱቦዋ እንዳትሰበር ትንፋሼን ቆጥቤ ተቀምጫለሁ። አንዲት አሮጊት ዘመድ አየችኝ። ሌላዋን ጎሸመች። ድምፁ ቀነሰ። ባሏን የማታለቅስለት ሴት ተብዬ ይህ ነገር ቁይ ድረስ እንደሚሄድ ገባኝ። ፈራሁ፤ እጄን ግን አላነሣሁም።

አያ አለኸኝ አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«የሺ፣ ወንድሜ ምን በድሎሻል?»

«ምንም አልበደለኝም አያ።»

«ታዲያ ደረትሽን ለምን ከለከልሽው? አገር እያየ ነው።»

ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ የቱቦዋን ጫፍ አሳየሁት። ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ቀርቦ ደግሞ አየ።

«ቅዳሜ የፈለግሻት ይቺን ነው?»

«ይቺን ነው። ገመዱ ሲነቀል በረዳት።»

ፊቱ ሲለዋወጥ ታየኝ፤ ማን እንደ ነቀለው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ በእኔ ላይ ደረበልኝ። ቀና ብሎም በትልቅ ድምፅ፣ «ተዉአት! ደረቷን ያማታል፤ ሐኪም እንዳትመቺ ብሏታል!» አለ። አያ አለኸኝ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እትዬ አስካል ብድግ አለች። «ደረቷን? ከመቼ ጀምሮ? ሳትነግሪኝ? ተነሺ፣ ባጃጅ ጥሩ፣ ሆስፒታል!»

«ደህና ነኝ።»

«እጅሽን እዚያ አድርገሽ ምን ደህና አለ!»

ያን ቀን ሙሉ የገባው ሁሉ ጠየቀኝ። ዘመዱም፣ ባዳውም፣ ያስተማራቸውም። «ደረትሽን ምን ሆነሽ? ያምሻል? ይወጋሻል?» አንዱ የድሮ ተማሪው፣ አሁን ሐኪም ነው፣ ተንበርክኮ አንጓዬን ይዞ የደም ሥሬን አዳመጠ። አንድ ሰው እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። እኔ ያን ቅዳሜ ይሁኔን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁትም። ያኔ ነው ያለቀስሁት። እጄ ግን ደረቴ ላይ ነበር።

ከቀትር በኋላ ወደ ጓዳ ገብቼ ቱቦዋን በመስኮቱ ብርሃን አየሁ። ንግሥቲቱ አንድ እግሯን ስባ መልሳ ዘረጋች።

ማታ መብራቱ ሲመጣ ወደ ሣጥኗ መለስኋት፤ ከጉንዳኖቹ ግን ከግማሽ በላይ አልቀዋል። ንግሥቲቱ ተንቀሳቀሰች እንጂ ትወልድ እንደሆነ አይታወቅም ነበር፤ ብርድ ያገኛት ንግሥት ኖራ ኖራ ሳትወልድ እንደምትቀር ይሁኔ ነግሮኛል። ልጃችን ባሕር ዳር ነው የምትኖረው። «እማ፣ ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ፤ ጉንዳኖቹን ለትምህርት ቤት ስጫቸው» አለችኝ። ባሕር ዳር ይሞቃል፤ እውነቷን ነው። አርባው ይውጣ አልኋት። በየቀኑ ቱቦዋን አያለሁ፤ ምንም የለም። አያ አለኸኝ በየእሑዱ ይደውላል። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ፣ «ወለደች?» ይላል። «ገና ናት» እለዋለሁ። እሱ የሚፈራውን አውቃለሁ፤ እኔም የምፈራውን ያውቃል።

አርባው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ በቱቦዋ ግድግዳ ላይ ከጤፍ ያነሱ ነጫጭ ነጥቦች ተለጥፈው አየሁ። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ያን ቀን እሑድ ባይሆንም ደወልሁለት።

«አያ፣ ወለደች» አልሁት።

«እሰይ» አለ። «እሰይ፣ እህቴ።»

ለአርባው ሲመጣ አጭር ድጅኖ ይዞልኝ መጣ። ብቻዬን ሣጥኑን እንዳላነሣ ብሎ ነው።

ለልጄ እስካሁን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠኋትም። ሌሊት መብራት ሲጠፋ እነቃለሁ፤ እንዴት እንደምነቃ አላውቅም። ጉንዳን አሁንም እፈራለሁ። ክዳኑን ግን እከፍታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ስጨርስ፣ ሣጥኑን በድጅኖው ፈልቅቄ ከሥሩ የእንጨት ጉማጅ እሸጉጣለሁ፤ ተንበርክኬ አሮጌውን ጣሳ እስባለሁ፣ አዲሱን እገፋለሁ። አራቱንም በዚያው ቀን እቀይራለሁ። በእያንዳንዱ ጣሳ መኻል ቀና ብዬ አምፖሉን አያለሁ።